ፕሬይ አዝ ዩ ጎ፦ ጠይቆ ዝም የሚል የጸሎት አፕ

ይህን አፕ የምወደው ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስለማይነግረኝ ነው። የእግዚአብሔርን ቃል ያነብልኛል፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ዝም ይላል። መልሱን ለእኔ ይተወዋል።

የብሪታንያ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ገዳማውያን ማኅበር) ያዘጋጁት ሲሆን አገልግሎቱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ክፍያ የለውም። አንዱ ጸሎት ከ10 እስከ 13 ደቂቃ ይፈጃል፤ መዝሙር፣ የዕለቱ ንባብ፣ ጥያቄ፣ ከዚያ ያው ንባብ በድጋሚ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይቻላል።

እኔ ግን ከሁሉም የምመርጠው ማታ ማታ የሚጸለየውን ኤግዛሜን ነው፤ የኢየሱሳውያን መሥራች ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ያስተማረው የዕለት ምርመራ። በምስጋና ይጀምራል። ብርሃን ትለምናላችሁ፣ ቀናችሁን መለስ ብላችሁ ታያላችሁ፣ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፣ ስለ ነገ ታስባላችሁ። ብዙዎቻችን የኅሊና ምርመራን የምናውቀው ንስሐ ከመግባታችን በፊት ኃጢአታችንን ለመቁጠር ነው። እዚህ ግን ጥያቄው ምን አጠፋሁ ብቻ አይደለም፤ የቱ ጋ በነጻ ፈቃዴ መረጥኩ፣ የቱ ጋ ፍርሃት ወይም ልማድ ጎተተኝ የሚለውም አለበት።

አንድ ሰው አለቃው ደረሰኝ ላይ ዋጋ ጨምረህ አጻፍ ቢለውና እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ ቢያደርገው፣ ምን ያህል ተጠያቂ ነው? የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 1735 ላይ አለማወቅ፣ ፍርሃት፣ መገደድና ልማድ ተጠያቂነትን ሊቀንሱ፣ አንዳንዴም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ ይናገራል። ያ ማለት ግን ሥራው ትክክል ሆነ ማለት አይደለም። ያ ሰው ማታ ቁጭ ብሎ «ዛሬ የወሰንኩት እኔ ነኝ ወይስ ፍርሃቴ?» ብሎ በእግዚአብሔር ፊት ከጠየቀ፣ ነገ ያው ጥያቄ ሲመጣበት እምቢ የማለት አቅሙ ይጨምራል። ነጻነት እንዲህ በልምምድ እንደሚያድግ አምናለሁ።

ኢየሱሳውያን ሲባል እኛ ሀገር ቶሎ የሚታወሰው የአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። የካቶሊክ እምነት በአዋጅ መጣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ያንን ታሪክ የሚያውቅ ካቶሊክ፣ ጠይቆ የሚተው ጸሎት ለምን እንደሚያስደስተኝ ይገባዋል።

ጉድለቶቹን ልናገር። የማዳምጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ እናቴን ላስጀምራት አልቻልኩም። ንባቦቹ የላቲን ሥርዓትን (የምዕራቡን የካቶሊክ ቅዳሴ) ስለሚከተሉ ለሶዶ፣ ለሆሳዕናና ለሐዋሳ ምእመናን ይስማማሉ፣ በግዕዝ ሥርዓት ለምንቀድስ ግን ቅዳሴ ላይ ከሰማነው ጋር አይገጥሙም። የዝምታው ጊዜም ያጥራል፤ ማሰብ ስትጀምሩ ሙዚቃው ይገባል። እኔ አቆመዋለሁ፣ ስጨርስ እቀጥላለሁ።

ዋናው ማስጠንቀቂያዬ ግን ይሄ ነው፦ ትዳር፣ ምንኩስና፣ ወይም ልጆችን ትቶ ዓረብ ሀገር መሄድን የመሰለ ከባድ ውሳኔ በአፕ ብቻ አትወስኑ። ኢግናጥዮስ ራሱ ነፍስ በደረቀችና በጨለመባት ጊዜ ቀድሞ የተወሰነውን አትለውጡ ይላል። አፑ ደግሞ በዚያ ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንዳላችሁ አያይም። የሚያውቃችሁ የንስሐ አባት ግን ያያል፣ ሲያስፈልግም «ቆይ፣ አትቸኩል» ይላችኋል።

እንግሊዝኛ ለምትሰሙ ሁሉ አውርዱት፣ ከኤግዛሜኑም ጀምሩ። ለሌላው ደግሞ በየቁምስናችን ጥሩ አንባቢና ጥሩ ዘማሪ ሞልቷል። አምስቱን የኤግዛሜን ደረጃዎች በአማርኛ ቀድተን በቴሌግራም ብንለቃቸው ብዙ ወጪ የለውም፤ የሚጀምር ካለ እኔ ጽሑፉን በማዘጋጀት አግዛለሁ።