ኢማቲኒብ 400፦ ጅማ ሆኜ የምወስደው የሲኤምኤል ኪኒን ሪቪው

ኢማቲኒብ 400 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋር በብዙ ውሃ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ ስራው ብቻ ቢሆን ኖሮ 5ም ያንሰው ነበር ግን ሪቪው ከተባለ ጉዱንም መናገር ነው። ሲኤምኤል ማለት ቀስ እያለ የሚሄደው የደም ካንሰር ነው፣ ጣፊያ ያብጥና ግራ ጎን ይከብዳል፣ ሁለት ጉርሻ በልተሽ ጥግብ፣ ሌሊት ላብ በላብ፣ እና ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው ታይፎይድ ነው ሲልሽ ትከርሚያለሽ፣ እኔን ሲቢሲ የሚባለውን የደም ሴል ቆጠራ ያሰሩኝ ቀን ነው ነጭ የደም ሴሌ ጣራ ነክቶ የተገኘው።

ብዙ ሰው ኬሞ ነው ወይ ይለኛል፣ ፀጉርሽ አልረገፈም እኮ ይሉኛል። በመርፌ እንደሚሰጠው የድሮው ኬሞ አይደለም፣ ይሄ የሚሄደው ለይቶ ነው። ሁላችንም 9ኛው ክሮሞዞም ላይ ኤቢኤል1 የሚባል ጂን አለን፣ ፕሮቶ-ኦንኮጂን ከሚባሉት ነው፣ ማለትም ራሱ ጤነኛ ነው፣ ሲበላሽ ነው ካንሰር የሚያመጣው። ከሱ የሚሰራው ፕሮቲን ታይሮሲን ካይኔዝ ነው፣ ስራው ኤቲፒ ከሚባለው የሴል ጉልበት ተሸካሚ ላይ ፎስፌት አንስቶ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ፣ የተለጠፈበት ደግሞ ለሴሉ ተባዛ፣ ተንቀሳቀስ፣ የተጎዳ ዲኤንኤህን እይ የሚል መልእክት ያደርሳል። ጤነኛው ስራ ሲያጣ እጥፍ ብሎ ይቀመጣል። ሲኤምኤል ላይ ግን 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ተቆርጠው ጫፍ ይለዋወጣሉ፣ ኤቢኤል1 ሄዶ 22ኛው ላይ ካለው ቢሲአር ከሚባል ጂን ጋር ይገጠማል፣ ሲገጠም እጥፍ የሚልበት ጫፉ ይቀራል፣ በቃ ከዛ ወዲያ ጋዙ እንደተነከሰ የቀረ ባጃጅ ነው፣ መቅኔ ውስጥ ያለው ሴል ማንም ሳያዘው ይባዛል። ከወላጅ የሚወረስ ነገር አይደለም፣ ይሄን የምለው የባሌ ዘመዶች ስለ ልጆቼ ሲያንሾካሹኩ ስለሰማሁ ነው።

የሚገርመኝ የፈጀው ጊዜ ነው። ያቺን ያጠረች 22ኛ ክሮሞዞም ኖዌልና ሀንገርፎርድ የሚባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጅ 1960 ፊላደልፊያ ላይ አገኟት፣ ለዛ ነው ፊላደልፊያ ክሮሞዞም የምትባለው፣ የተለዋወጡት 9 እና 22 መሆናቸውን ጃኔት ራውሊ ያሳየችው 1973 ነው፣ ኪኒኑ አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ደግሞ 2001። ኢማቲኒብ የሚያደርገው ኤቲፒ የሚገባባት ጉድጓድ ውስጥ ቀድሞ መቀመጥ ነው፣ ኤቲፒ ካልገባ የሚለጠፍ ፎስፌት የለም፣ አለቀ። 1,106 ሰው ላይ የተሰራው ትልቁ ጥናት ኢማቲኒብ ከጀመሩት ውስጥ ከ10 ዓመት በኋላ 83 በመቶ የሚሆኑት በህይወት እንዳሉ ነው ያሳየው፣ ካንሰር ሲባል ከፈን ለሚያስብ ሰው ይሄን ቁጥር ንገሩት።

እኔ ጋ ነጭ የደም ሴሉ ወረደ፣ ጣፊያዬ ገባ፣ ሂርማታ መርካቶ ሱቄ ተመልሻለሁ አልሐምዱሊላህ። አሁን ወደ ጉዱ። ጠዋት ስነሳ የአይኔ ዙሪያ ያብጣል፣ ሌሊቱን ሳለቅስ ያደርኩ ነው የምመስለው፣ እስከ ረፋድ ይለቃል። ሌሊት ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል። ከሁሉም ግን መልኬ! ኪኒኑ ኤቢኤልን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ኪት የሚባለውን ሌላ ካይኔዝም ይይዛል፣ ኪት ደግሞ ለቆዳ ቀለም ሴሎች ያስፈልጋቸዋል፣ ስለዚህ እኛ ጥቁሮች ላይ ቆዳ እየነጣ ሊሄድ ይችላል። ጎረቤቴ አደይ ውይ አንቺ ቀላሽ እኮ፣ ምን ክሬም አገኘሽ አለችኝ፣ የማክስ ፋውንዴሽን ክሬም ነው አልኳት፣ የት ይሸጣል ብላ ድርቅ። (ለማታውቁ፣ ግሊቬክ የሚባለው የኢማቲኒብ ዋናው ብራንድ በዚህ ድርጅት በኩል ጥቁር አንበሳ ላይ ለታማሚዎች በነጻ ሲሰጥ የኖረ ነው።)

ባዶ ሆድ አይወሰድም፣ ወላሂ ያስመልሳል። እኔ ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በልቼ ነው የምውጠው፣ በርጫ ላይ ምግብ አስጠልቶት ኪኒኑን በለስላሳ የሚልክ ሰው አውቃለሁ፣ ማታ ሲያስታውክ ነው የሚያመሸው። ረመዳን ላይ ሐኪሜን ጠይቄ ከኢፍጣር ጋር አድርጌዋለሁ፣ የቀን አንዴ መሆኑ እዚህ ጋ ጠቀመኝ። መዋጥ የሚያቅተው ደግሞ 400ውን አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አሟሙቶ በማንኪያ አማስሎ ወዲያው መጠጣት ይችላል።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በመልኬ አይደለም፣ በክትትሉ ነው። ሲቢሲ ጥሩ ሆነ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፣ ቢሲአር ኤብል፣ ማለትም ያ የተገጠመው ጂን፣ ምን ያህል እንደቀረ የሚለካው ፒሲአር የሚባል ምርመራ አለ፣ ናሙናዬ ከጅማ ወጥቶ ውጤቱ እስኪመጣ ልቤ ነው የሚያልቀው፣ ካልሆነም ራሴ ሌሊት መናኸሪያ ወርጄ አዲስ አበባ፣ 350 ኪሎሜትር ገደማ፣ ያበጠ እግር ይዞ። ሌላው ፋርማሲ፣ ስሙን አልጠራም፣ ባለ 100 ሚሊግራሙን አውጥቶ ያው ነው በቀን አንድ ዋጪ አለኝ። ያው አይደለም! ሩብ ዶዝ ነው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፣ የጄኔሪክም ቢሆን ቁጥሩ ይጻፋል።

ተሻለኝ ብሎ በራሱ የሚያቆራርጥ ሰው ደግሞ አለ፣ በሽታው ተመልሶ ይመጣል፣ ካይኔዙም ቅርጹን ሊቀይር ይችላል። 315ኛው ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ ሲቀየር ቲ315አይ ይሉታል፣ ያኔ ኢማቲኒብ ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም፣ ቀጣዮቹ ዳሳቲኒብና ኒሎቲኒብም አይሰሩም፣ ፖናቲኒብ አይነት ነው የሚፈለገው፣ እሱን ፍለጋ መዞር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ እህቶች፣ እርግዝና ያሰባችሁ ኪኒኑን እየወሰዳችሁ እንዳታረግዙ፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ በራሳችሁም እንዳታቆሙ። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ካለ ይናገር፣ ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ሪፋምፒሲን ጉበት ላይ ያለውን ኢንዛይም ያበረታና ኢማቲኒቡን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፣ ኪኒኑን በየቀኑ እየዋጠ ደሙ ውስጥ ግን በቂ ላይኖር ይችላል።