«ቀይ ፍሬ ያፈራል» ተብላችሁ ሆሊ ከመግዛታችሁ በፊት

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ ጓሯችሁን ማሳመር የምትወዱ ወገኖቼ፣ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ከመስደዳችሁ በፊት ጥቂት ታገሡኝ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. አሥራ ሁለት የሆሊ ችግኝ፣ አንዱን በ850 ብር ሒሳብ፣ በድምሩ 10,200 ብር ከፍዬ ገዛሁ። ዛሬ በግቢዬ የቀሩት ሦስት ናቸው። ሦስቱም ፍሬ አላፈሩም፤ ዕድሜ ልካቸውንም አያፈሩም። ይህን የምጽፈው ገና በቀረበ ቁጥር ያው ችግኝ በመኪና ተጭኖ በየሰፈሩ መዞር ስለሚጀምር ነው። ዘንድሮም ጀምሯል።

ሆሊን ለማታውቁት፣ ከአውሮፓ የመጣ፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ በሰም የተወለወለ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ዳር ዳሩ እሾህ አለው። ፈረንጆች ለገና ቤታቸውን የሚያስጌጡበት ባለቀይ ፍሬ ቅርንጫፍ እሱ ነው። ብርድ አይፈራም፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ ለጎለመሰ ሆሊ ምኑም አይደለም። በአገራችን ደጋ ደኖች ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅል ኢሌክስ ሚቲስ የተባለ ትልቅ የዛፍ ዘመድም አለው። እኔም ራሴን ያታለልኩት በዚሁ ነው፤ «ዘመዱ እዚህ ከበቀለ እሱስ ምን ይሆናል?» አልኩ።

ሻጩን በስም አልጠራም። በር አንኳኩቶ «ጋሼ፣ እርስዎ ይትከሉት እንጂ ቀሪውን እሱ ራሱ ያውቃል» አለኝ። እንደ እሱ አባባል በሁለት ዓመት ሰው የማያሳይ አጥር ይሆናል፤ አፈር አይመርጥም፤ በየገናው በቀይ ፍሬ ይሸፈናል፤ ከፍሬው ማርማላታ ይሠራል። በመኪናው ላይ ማሰሮ ውስጥ የተተከለ አንድ ሆሊ ነበር፤ ፍሬው ከሩቅ ይጣራል። «ያንን ስጠኝ» ስለው «ናሙና ነው፣ አይሸጥም» አለ። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለባለቤቴ አሳየኋት። ትንሽ አየችውና «ይህ ፍሬና ያኛው ቅጠል የአንድ እናት ልጆች አይመስሉም» አለችኝ። ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ።

ችግኞቹን በአጥሩ ሥር ተከልኳቸው፤ አፈሩ የምናውቀው ጥቁር መረሬ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ውኃው ተኛበት። በመስከረም ቅጠላቸው መጀመሪያ ገረጣ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ። እኔ ደግሞ ውኃ የጠማቸው መስሎኝ ሌላ ውኃ ጨመርኩ! አንዱን ስነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፤ በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ላዩ እንደ እርጥብ ወረቀት ሙልጭ ብሎ ወጣና በመካከል ቀጭን ክር ብቻ ቀረ። ሽታውን አልነግራችሁም። ዘጠኙ እንዲህ አለቁ። ሆሊ እርጥበት ቢወድም ሥሩ ውኃ ውስጥ ከተኛ ይበሰብሳል፤ ውኃ የሚያሳልፍ፣ ትንሽ ወደ አሲድነት ያዘነበለ አፈር ይፈልጋል። «አፈር አይመርጥም» ማለት ንጹሕ ውሸት ነው። የተረፉት ሦስቱ ከድንጋዩ ካብ በላይ፣ ተዳፋቱ ላይ የነበሩት ናቸው።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔም ነው እያልኩ ዝም አልኩ። ዋናውን ማታለል ያወቅሁት ግን በ2017 በልግ ሦስቱ ትናንሽ ነጭ አበባ ሲያወጡ ነው። ደስ ብሎኝ ጎረቤቴን ጠራኋቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ስለ ዛፍ የማያውቁት የሌለ አዛውንት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አበባውን በጣታቸው ከፈት አድርገው አዩና «ልጄ፣ ሴቷ የታለች?» አሉኝ።

ምን እንደሚሉ አልገባኝም።

«ኮሶ አታውቅም? ኮሶ ሴትም ወንድም አለው። የሴቴዋ አበባ ቀላ ይላል፤ ለመድኃኒት የሚቆረጠውም የእሷ ነው። ይህም እንደዚያው ከሆነ፣ የያዝከው ወንድ ብቻ ነው።»

አበባውን በማጉያ መነጽር እኔም አየሁት። አራት ቀጫጭን ዘንግ፣ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ብናኝ፤ በመካከሉ ግን ፍሬ ሊሆን የሚችል ነገር የለም። በሴቴ አበባ መካከል ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ እብጠት ትታያለች፤ ቀይ ፍሬ የምትሆነው እሷ ናት። እኔ ዘንድ ሦስቱም ወንዴ ናቸው። የሞቱት ዘጠኙም ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሁሉም ከአንድ ወንዴ እናት (አባት ልበል?) የተቆረጡ ይመስለኛል። ከቅርንጫፍ የተባዛ ሆሊ የተቆረጠበትን ፆታ ይዞ ይቀጥላል። ወንዴ ሆሊ መቶ ዓመት ቢኖር አንዲት ፍሬ አያፈራም። ሴቴዋም ብትሆን ንብ ብናኙን የሚያደርስላት ወንዴ በቅርብ ከሌላት፣ ከጥቂት ዝርያዎች በስተቀር፣ ባዶዋን ትቀራለች።

ያን ዕለት ማታ የድሮውን ፎቶ አውጥቼ አጎላሁት። ባለቤቴ እውነቷን ነበር። ፍሬ የተሸከመው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ትንሽና ለስላሳ ነው፤ እሾሁ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ግንዱ ላይ ነው። ፒራካንታ የሚባለው የአጥር ተክል ቅርንጫፍ ተቆርጦ በሆሊው ማሰሮ ውስጥ ተሰክቷል። ከሥሩ አጠገብ የታሰረበት ቀጭን ሽቦ እንኳ ፎቶው ላይ ይታያል። ሦስት ዓመት ሙሉ በኪሴ ይዤው ስዞር ነበር።

ሻጩን ፈልጌ አገኘሁት። አልካደም፤ ይባስ ብሎ «ጋሼ ታዲያ ይህማ ቀላል ነው፣ ሴቶቹን ላምጣልዎት፣ 1,500 ብር ብቻ» አለኝ። ወገኖቼ፣ ሁለተኛው ወጥመድ ይህ ነው። ያመጣቸው ችግኞች አንድ ስንዝር የማይሞሉ፣ ከዘር የበቀሉ ናቸው። የሆሊ ዘር ለመብቀል ብቻ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ ከበቀለ በኋላ አበባ እስኪያወጣ ደግሞ ብዙ ዓመት ይወስዳል። አበባ ሳያወጣ ወንዴ ይሁን ሴቴ በዓይን የሚለይ ሰው የለም፤ እሱም አያውቅም። «ሴት ነች» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው የሚሸጥላችሁ ሎተሪ ነው።

እንግዲህ መግዛታችሁ ካልቀረ፣ ፍሬው በላዩ ላይ ያለውን ያንኑ ማሰሮ ግዙ፤ «ናሙና ነው፣ አይሸጥም» ከተባለ ተመለሱ። ፍሬውን ነካ አድርጉት፤ ከቅጠሉ ብብት፣ ከራሱ ቅርንጫፍ የወጣ መሆኑን እዩ። የቅጠሉን አቀማመጥ ተመልከቱ፤ የሆሊ ቅጠል አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ተራ በተራ ይወጣል። ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ተጣምሮ የወጣ ከሆነ፣ የፈለገውን ያህል እሾህ ቢኖረው ሆሊ አይደለም። በሌላ በኩል ለስላሳ ቅጠል ስላያችሁ ብቻ አትጠራጠሩ፤ ያረጀ ሆሊ ከላይ ያሉት ቅጠሎቹ እሾህ ላይኖራቸው ይችላል።

ስሙንም አትመኑ። «ጎልደን ኪንግ» የሚባል ዝርያ አለ፤ ወርቃማው ንጉሥ ማለት ነው፤ እሱ ሴቴ ነው። «ሲልቨር ኩዊን» ደግሞ የብር ንግሥት ተብላ ወንዴ ናት። ስም ያወጣላቸው ሰው ምን እያሰበ እንደነበረ እግዜር ይወቅ። ያለ ወንዴ የሚያፈራ ከፈለጋችሁ «ጄ ሲ ቫን ቶል» ወይም «ኔሊ ስቲቨንስ» የሚባሉትን ጠይቁ፤ ሻጩ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ ስለሚሸጠው ተክል ምን ያህል እንደሚያውቅ ትረዳላችሁ።

ስለ ማርማላታው አንድ ነገር ልበል፣ ከገንዘቡ ይልቅ ያበሳጨኝ እሱ ነውና። የሆሊ ፍሬ አይበላም። ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ለትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬም ይበዛበታል። ቀይና የሚያብረቀርቅ ነገር አይቶ ወደ አፉ የማይወስድ ሕፃን ደግሞ የለም። እንኳንም የእኔዎቹ ወንዴ ሆኑ ያልኩት የልጅ ልጄ መሄድ በጀመረች ጊዜ ነው።

የሁለት ዓመቱ አጥርም ተረት ነው። ሆሊ በዓመት ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው። የእኔዎቹ ከሦስት ዓመት በኋላ ወገቤ አልደረሱም። ቶሎ የሚያድግ አጥር የፈለገ ሰው ሌላ ተክል ይፈልግ።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ደግሞ ቢያንስ አትግደሏቸው። በመረሬ አፈር ላይ ከሆናችሁ ከፍ ያለ መደብ ሠርታችሁ፣ ብስባሽና ቅጠል ቀላቅላችሁ ትከሉ። ከተከላችሁ በኋላ ቦታ አትቀያይሩት፤ ሥሩ ሲነካካ አይወድም። በእኛ አገር አመድ ጓሮ መድፋት የቆየ ልማድ ነው፤ እኔም በየጠዋቱ ደፍቼበታለሁ። ለጎመን መልካም ነው፣ ለሆሊ ግን አይሆንም፤ አመድ የአፈሩን አሲድነት ስለሚያጠፋ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። አመዱን ካቆምኩ በኋላ አዲሶቹ ቅጠሎች ወደ መልካቸው ተመለሱ። በበጋ የሚጎዳው ከውርጩ ይልቅ ደረቁ ነፋስ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሳምንት አንድ ጊዜ ጠለቅ አድርጎ ማጠጣትና ሥሩን በጉዝጓዝ መሸፈን ይበቃዋል።

ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኙ ላይም የዝርያው ስምና «ሴቴ» የሚለው ቃል ይጻፍ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እኔ ደረሰኝ አልያዝኩም፤ ስለዚህ አቤት የምለው ለማን እንደሆነ ገና እያሰብኩ ነው።

ሴቴ ሆሊ ያለው ጎረቤት ካለ ግን ይንገረኝ። ከሦስቱ ወንዴዎቼ ቅርንጫፍ ቆርጬ በነጻ እሰጣለሁ፤ ማሰሪያው ላይ «ወንዴ» ብዬ በጉልህ ጽፌ።