ለማተሚያ ቤት ድረ ገጽ የቱ ይሻላል? ሾፒፋይ፣ ዉኮመርስ ወይስ ከዜሮ የሚሠራ?

ማተሚያ ቤት ያላቸው ጓደኞቼ በየሳምንቱ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ትእዛዝ በኦንላይን መቀበል እንፈልጋለን፤ ድረ ገጹን በምን እናሠራው?» ለእያንዳንዳቸው ከማስረዳት አንድ ቦታ ልጻፈው ብዬ ነው። ሾፒፋይና ዉኮመርስ የኦንላይን ሱቅ ለመክፈት ተዘጋጅተው የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሦስተኛው መንገድ ድረ ገጹን ከዜሮ ማሠራት ነው። ከዜሮ የሚሠራውንና ዉኮመርስን በራሴ ገንዘብ ሞክሬያቸዋለሁ። ሾፒፋይን ደግሞ የማውቀው አሜሪካ ቲሸርትና ሙግ እያተመ በሚሸጠው የአክስቴ ልጅ በኩል ነው።

መልሴን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ዉኮመርስ ነው። ምክንያቱ ዋጋ ነው። የሚሠራበት ዋጋ ብቻ ሳይሆን፣ እናንተ የምትሸጡበትን ዋጋ ራሳችሁ መቀየር መቻላችሁ ነው።

መጀመሪያ ያሠራሁት ከዜሮ በኮድ የተጻፈ ነበር። 85,000 ብር ከፈልኩ። ሲያዩት ያምራል። ገጹ ላይ ግን ዋጋ የምቀይርበት ቦታ አልነበረም፤ ዋጋው ኮዱ ውስጥ ነው የተጻፈው። በጊዜው ከባድ ነገር አልመሰለኝም። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብሩ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የባነር ጥቅሉ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሁሉም አብሮ ወጣ። እኔ ደግሞ አንዲት ዋጋ ለማስቀየር 1,500 ብር እጠየቃለሁ። ቆይቶ ስልክም የሚያነሳ ጠፋ። ደንበኛ የቢዝነስ ካርዱን የድሮ ዋጋ ስክሪንሾት አድርጎ ሱቅ ይመጣል። ዋጋው የተጻፈው በእኔ ስም ነው፤ ምን ልበለው? በድሮው ዋጋ አትሜ ሰጠሁ። ያን ሰሞን የከሰርኩት ለድረ ገጹ ከከፈልኩት አይተናነስም።

ዶሜይኑም፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ የተመዘገበው በሠሪው ስም ነበር። ስለዚህ ግዴለም ከዜሮ ነው የማሠራው ካላችሁ፣ ሦስት ነገር ውሉ ላይ ይግባ። ዶሜይኑ በስማችሁ፣ ኮዱ በእጃችሁ፣ ዋጋ የምትቀይሩበት ገጽ ደግሞ ተሠርቶ በዓይናችሁ ታይቶ። ይህ ሳይሟላ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ።

ሾፒፋይ መጥፎ ዕቃ አይደለም። የአክስቴ ልጅ በሁለት ቀን ነው የከፈተው። ስለ ሰርቨር አያስብም፣ ስለ ቫይረስ አያስብም። እሱ የሚሸጠው ቲሸርት መጠንና ቀለም ብቻ ስላለው ተመችቶታል። ሾፒፋይ ለአንድ ዕቃ የሚፈቅደው ሦስት ዓይነት ምርጫ ነው። ቢዝነስ ካርድ ግን ስንት ነው? መጠን፣ የወረቀት ዓይነት፣ አንድ ጎን ወይስ ሁለት ጎን፣ ላሚኔሽን፣ ብዛት። አምስት ሆነ። የቀረውን ለመሙላት አፕ ይገዛል፤ አብዛኞቹ አፖች በየወሩ ነው የሚከፈሉት፣ ያውም በዶላር።

ሒሳቡን እንየው። ቤዚክ የሚባለው ፓኬጅ የዓመቱን በአንዴ ከከፈላችሁ በወር 29 ዶላር ነው፣ በየወሩ ከሆነ 39። በርካሹ መንገድ በዓመት 348 ዶላር ማለት ነው። ዶላር 57 በነበረበት ጊዜ 20,000 ብር የማይሞላ ነበር። በ120 ብር ብታሰሉት 41,760 ይሆናል፤ እናንተ አንድ ቢዝነስ ካርድ እንኳ ጨምራችሁ ሳትሸጡ። የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ ሥርዓት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በሌላ መንገድ ስትቀበሉ በዚሁ ፓኬጅ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይቆረጣል። 10,000 ብር ባነር ሸጣችሁ፣ 200 ብር ሄደ። በየወሩ ውጭ ያለ ዘመድ «እባክህ ክፈልልኝ» እያሉ መለመንም አለ። ደንበኞቻችሁ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካሉ ግን ሾፒፋይን ውሰዱ፣ አልከራከርም።

ወደ ዉኮመርስ ልምጣ። ዎርድፕሬስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ የሚጫን ነው፣ እሱ ራሱ በነጻ ነው። ሆስቲንግ፣ ማለትም ድረ ገጹ የሚቀመጥበትን የሰርቨር ቦታ፣ በብር የሚሸጡ የአገር ውስጥ ድርጅቶች አሉ። ክፍያ የሚያስተላልፈው ቻፓ ለዉኮመርስ ፕለጊን (ላዩ ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ስላለው ደንበኛው በቴሌብር ይከፍላል። ገንዘብ የምታወጡት ለሠሪው፣ ለሆስቲንግ፣ ለዶሜይንና ዋጋ ለሚያሰላው ፕለጊን ነው። ዋጋ ሲጨምር ማታ ቤት ቁጭ ብዬ በስልኬ እቀይረዋለሁ። በቃ። ለእኔ ይህ ብቻውን ይበቃኛል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፤ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ ተሰብሮ የሚሸጥ፣ ፕለጊን አትጫኑ። እኔ የዋጋ ማስያውን በ2,000 ብር ከሰው ገዛሁ። ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ገጼን በስልክ የሚከፍት ሰው ቀጥታ ወደ ቁማር ድረ ገጽ ይወሰድ ጀመር። ያወቅሁት አንዲት ደንበኛዬ ደውላ «ልጄ ነው የከፈተው» ስትለኝ ነው። በጣም አፍሬ ነበር። ለማስጸዳት 12,000 ብር ወጣ። ኦሪጅናሉ ከዚያ ባነሰ ይገኝ ነበር።

ዉኮመርስም እንደመጣ ለእኛ ሥራ አይሆንም። መስተካከል ያለበት አለ። ደንበኛ ፋይል የሚጭንበት ቦታ ከመነሻው የለውም፣ በፕለጊን ይጨመራል። ቢጨመርም ዉኮመርስ የሚሠራበት ፒኤችፒ የሚቀበለው የፋይል መነሻ ልክ 2 ሜጋባይት ነው። የባነር ፒዲኤፍ 40 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ይሞክራል፣ እምቢ ይለዋል፣ ትቶ ይሄዳል። ሠሪውን ልኩን ወደ 100 ሜጋባይት እንዲያሳድገው ንገሩት። ዎርድ ፋይል ደግሞ አትቀበሉ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው የሚሆነው። ፒዲኤፍ ብቻ ይሁን፤ ደንበኛውም ከመክፈሉ በፊት ሥራው ምን እንደሚመስል ገጹ ላይ ይየው።

አድራሻ መሙያው ላይ ፖስታ ኮድ የሚል ካለ አስወጡት። አዲስ አበባ ውስጥ ያን የሚሞላ ሰው የለም። ክፍለ ከተማ፣ ሰፈር፣ ስልክ ቁጥር ይበቃል። ደንበኛውን አካውንት ክፈት ብላችሁም አታስጨንቁት።

የቀኑን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንድ ሙሽራ የሰርግ ጥሪ ካርድ ሲያዝ የሚፈልግበትን ቀን 10/5 ብሎ ጻፈ። ጥር 10 ማለቱ ነው። የእኔ ሠራተኞች ሜይ 10 ብለው አንብበው ወረፋ አስያዙት። እናቱ «ካርዱ የታል?» ብለው ባይደውሉ ኖሮ ሰርጉ አልፎ ነበር የሚታተመው። ሌሊት ሠርተን አደረስን። ከዚያ ወዲህ ገጼ ላይ ቀን በቁጥር አይጻፍም። ወሩ በስሙ ከዝርዝር ይመረጣል፤ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለ። ሠሪያችሁ አይቻልም ካላችሁ አትመኑት፤ የእኔን የሠራው ልጅ ግማሽ ቀን ነው የፈጀበት።

ቀሪውን ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት ስልካችሁን ለአንድ ደንበኛችሁ ስጡት፤ ኮምፒውተር የማይነካ ሰው ቢሆን ይመረጣል። «300 ግራም ወረቀት ላይ፣ ሁለት ጎን፣ 500 ካርድ እዘዝ» በሉትና አጠገቡ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። «ጠቅላላ ስንት መጣ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ገጹ ገና አላለቀም።