ሊኑክስ ሚንት ለቤት ላፕቶፕ፦ ከቱሉ ዲምቱ

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም "ዊንዶውስ 10 ቆመ አሉ፣ አሁን ምን ይሻለኛል?" የሚለኝ ጎረቤት በዝቷል። እውነት ነው፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና አዲስ ፕሮሰሰር ካልሆነ ይላል። ላፕቶፑ ግን ደህና ነው፣ ምን ሆነና ይጣላል?

የኔ ምርጫ ሊኑክስ ሚንት ነው፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነፃ ሲስተም፣ ያውም ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው። ሜኑው ታች በግራ ነው፣ ሰዓቱ ታች በቀኝ ነው፣ ዊንዶውስ የለመደ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ይገባበታል። ኡቡንቱ የሚባለው ሌላው ሊኑክስ መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ሚንት ራሱ የተሠራው በሱ ላይ ነው። ዞሪን የሚባለው ሊኑክስም ያምራል። ሚንት 2 ጊጋ ራም ላይ ይነሳል፣ ግን 4 ቢኖራችሁ ይሻላል፣ ብሮውዘሩ ነው ራም የሚጨርሰው።

በጣም የወደድኩለት ነገር አለ። ፕሪንት ቤት የሰካችሁት ፍላሽ ቤት ሲደርስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይጠብቃችኋል አይደል? ያ ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሚንት ላይ ዝም ብሎ ይተኛል፣ የደበቀባችሁ ዶክመንትም ቁጭ ብሎ ይታያል። ደግሞ ሳያስፈቅድ ማሻሻያ እያወረደ ፓኬጅ አይበላም።

አማርኛው ትንሽ ያደክማል። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ስለሆነ እሱን እርሱት፤ አይባስ (IBus) እና ኤም17ኤን (m17n) የሚባሉትን የመጻፊያ ፕሮግራሞች ጫኑ፣ ከዚያ የአማርኛውን "ሴራ" (sera) የሚለውን አጻጻፍ ምረጡ። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ስትነኩ "ሰላም" ይወጣል። በድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ዶክመንት ካላችሁ ግን ፎንቱንም ይዛችሁ ኑ፣ አለዚያ የምታዩት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው።

የሚንት መጫኛ ፋይሉ 3 ጊጋ ገደማ ነው፣ ሌሊት ብታወርዱት ይሻላል። ከዚያ ማስነሻ ፍላሽ አዘጋጁበት፤ ሳትጭኑት ከፍላሹ አስነሱትና ዋይፋዩ ያዘ? ድምፁ ወጣ? ፕሪንተሩን አወቀው? ብላችሁ ፈትሹ። ስትጭኑ "ዲስኩን አጥፋ" የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት የልጆቹን ፎቶ ሌላ ቦታ ገልብጡ፣ አደራ።

በፒችትሪ ሒሳብ የምትሠሩበት ላፕቶፕ ከሆነ ግን ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለሆነ ዊንዶውሱን አታጥፉ፤ ዲስኩ ከበቃ ሚንትን ከጎኑ ጫኑት፣ ሲነሳ የትኛውን እንደምትፈልጉ ይጠይቃችኋል።