የባት ኮምፕረሽን ስሊቭ ለቅልጥም ህመም፦ ሶስት ወር ሮጬበት ያየሁት

ስትሮጡ ቅልጥማችሁን የሚያማችሁ ካላችሁ ይሄን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት አንዴ አንብቡኝ። ስሊቩ ማለት ጣትና ተረከዝ የሌለው ካልሲ በሉት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ጀምሮ ከጉልበት ስር የሚያልቅ፣ ባትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ። የኔ ማሸጊያው ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይላል (ምን ያህል ጥብቅ አድርጎ እንደሚጫን የሚለካበት ነው)፣ ጠንከር ያለው አይነት ነው።

እኔ በሳምንት 15 ኪሎ ሜትር ነበር የምሮጠው፣ ከዛ ጉጉቱ ያዘኝና በሶስት ሳምንት ውስጥ 35 አደረስኩት፣ ያውም አስፋልት ላይ። መጀመሪያ ስነሳ አካባቢ ያመኝና ሰውነቴ ሲሞቅ ይጠፋ ነበር፣ ስለዚ ናቅኩት። ቀጥሎ ሩጫውን ሙሉ ያመኝ ጀመር፣ መጨረሻ ላይ ደረጃ ስወርድ ሁሉ። ያኔ ነው ስሊቩን የገዛሁት።

እውነት ለመናገር ሲያደርጉት ደስ ይላል። ባቴ እርምጃ በረገጥኩ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው ነገር ቀነሰልኝ፣ ከሩጫ በኋላም እግሬ እንደ ድሮው አይከብደኝም። ጨርቁ ላብ ቶሎ ያደርቃል። ላይኛው ጫፍ ላይ ያለው ሲሊኮን ግን ከአንድ ሰአት በላይ ስቆይ ያሳክከኛል፣ ደሞ በሶስተኛው ወር ላስቲኩ ላላ ብሏል፣ በእጅ እያጠብኩት እንኳን።

ችግሩ ግን ሌላ ነው፣ ይሄን የምጽፈውም ለሱ ብዬ ነው። ስሊቩን አድርጌ 8 ኪሎ ሜትር ሮጥኩ፣ ምንም አላመመኝም፣ ዳንኩ ብዬ በማግስቱ ደገምኩት። ማታ አውልቄ በአውራ ጣቴ የቅልጥሜን የውስጥ ጠርዝ ከታች ወደ ላይ እየጫንኩ ስሄድ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦታ እንደ ቁስል ይጠዘጥዛል፣ ከበፊቱም ብሷል። ስሊቩ የሚያጠብቀው ከስሩ ያለውን ቆዳና ጡንቻ ነው፣ አጥንቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና አያነሳውም። አጥንት ደሞ ሩጫ ሲበዛበት በጥቂቱ ይጎዳል፣ እረፍት ሲያገኝ ራሱን ይጠግናል፣ ኪሎ ሜትሩን በአንዴ ስትጨምሩበት ጉዳቱ ጥገናውን ይቀድመዋል።

ፊዚዮቴራፒስት ጋ ስሄድ መጀመሪያ ያደረገችው ያንኑ በጣት መጫን ነው። ህመሙ 5 ሴንቲሜትር እና ከዛ በላይ ተዘርግቶ በጠርዙ የሚሄድ ከሆነ ሺን ስፕሊንትስ የሚባለው ነው አለችኝ፣ የኔም እሱ ሆነ። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ተሰብስቦ የሚያም፣ ሌሊት ተኝታችሁ የሚቀሰቅስ፣ በአንድ እግር ስትዘሉ የሚወጋ ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ ራጅ ደሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላያሳየው ስለሚችል ኤምአርአይ ሊያስፈልግ ይችላል። እባካችሁ እንደዚ አይነት ምልክት ካለ ስሊቭ አጥልቃችሁ አትሩጡ፣ እግራችሁ እየሮጣችሁ የሚደነዝዝ ከሆነም ቅድሚያ ሀኪም ጋ ሂዱ።

እኔን ያዳነኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ሩጫ አቆምኩ፣ በምትኩ ሳይክልና ዋና። ከዛ ተረከዝ ማንሳት፣ አንዴ ጉልበት ቀጥ አድርጎ አንዴ ደሞ አጠፍ አድርጎ፣ አጠፍ የሚደረገው ከስር ያለውን የባት ጡንቻ ለማጠንከር ነው፣ መጀመሪያ በሁለት እግር በኋላ በአንድ። ስመለስ 1 ደቂቃ ሩጫ 2 ደቂቃ እርምጃ እያልኩ ጀመርኩ፣ በማግስቱ ጠዋት ጠርዙን ጫን አድርጌ ካመመኝ ያን ቀን አልሮጥም። ስሮጥ የምረግጠውን እርምጃም አሳጠርኩ፣ በደቂቃ 158 እርምጃ የነበረውን ስልኬ ላይ ሜትሮኖም (እኩል ምት የሚሰጥ አፕ) ከፍቼ 168 አደረስኩት፣ አጭርና ፈጠን ያለ እርምጃ መሬቱን ሲመታ ይቀላል። ጫማዬም ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጦ ሶሉ በአንድ በኩል ተበልቶ ስለነበር ቀየርኩት። ማስታገሻ እየዋጡ መሮጥን እኔ በፍጹም አልመክርም፣ ልክ እንደ ስሊቩ ህመሙን ይደብቅባችኋል።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። አሁንም ከረጅም ሩጫ በኋላ ቁጭ ብዬ አደርገዋለሁ፣ ያሳርፈኛል፣ እየሮጥኩ ግን አላጠልቀውም ምክንያቱም እግሬ የሚነግረኝን መስማት እፈልጋለሁ።

ለመግዛት የወሰናችሁ ደሞ ቁጥሩን በጫማ ልክ እንዳትመርጡ፣ ባታችሁን ወፍራሙ ቦታ ላይ በሜትር ለኩ። እኔ በግምት የወሰድኩት የመጀመሪያው ጠቦኝ ቆዳዬ ላይ ቀይ ሰንበር ጥሎ ጣቶቼን አደንዝዞኝ ነበር። ልካችሁ ሁለት ቁጥር መሀል ከወደቀ ትልቁን ውሰዱ።