ለአባባ ጆሮ ያሠራሁት ስፒከር፦ አናጢው፣ ጠጋኙና ስድስት ሊትር ሳጥን

አባባ ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ነው የሠሩት። ከናፍጣ ሞተሩና ከሚሽከረከረው ድንጋይ አጠገብ ቆመው አረጁ። አሁን እኔ ጋ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ማታ ዜና ሲጀምር ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠጉና «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል። ድምፁን ስጨምርላቸው ደግሞ «አይ፣ ጩኸቱስ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የሚጠፋብኝ» ይላሉ።

ይህችን ነገር ያኔ በደንብ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ገንዘብ አላባክንም ነበር።

የገዛሁት ቁመቱ ወገቤ ድረስ የሚደርስ፣ መብራት የሚያብለጨልጭ ስፒከር ነበር። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8000 ዋት» ይላል። ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያነበብኩት ቤት ከገባ በኋላ ነው፦ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት። ከግድግዳ 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 8000 ዋት ከየት አምጥቶ ያወጣል? እናንተም ልትገዙ ከሆነ ካርቶኑን ተዉት፤ ዕቃውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። ቤዙ ግን ይመታል። የብርጭቆ መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል፣ አባባም «ምን አለ?» ማለታቸውን አልተዉም።

ሥራዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። መልቲሜትር ከእጄ አይጠፋም። አብሮኝ የሚሠራ የፊዚክስ መምህር ጉዳዩን ሲሰማ «ችግሩ ጉልበት አይደለም» አለኝ። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ መጀመሪያ የሚደክመው ከ3000 እስከ 6000 ኸርዝ ባለው፣ ማለትም በሴኮንድ ያን ያህል ጊዜ በሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው። ስናወራ ስ፣ ሽ፣ ፍ የምንላቸው ድምፆች የሚለዩት በዚያ ሰፈር ነው። ለአባባ «ሠራ» እና «ፈራ» አንድ ናቸው። ቤዝ በጨመርኩ ቁጥር ይባስ እየሸፈንኩባቸው ነበር ማለት ነው።

ሳሎናችን ደግሞ ጠባብ ነው፤ 3.2 በ3.6 ሜትር። ድምፅ በሴኮንድ 345 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ስታካፍሉት 48 ኸርዝ ይመጣል፣ በወርዱ በኩል 54። እዚህ ቁጥር ላይ ያረፈ ቤዝ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ያብጣል። እኔ ደግሞ ያንን ትልቅ ስፒከር ጥግ ላይ ነበር ያቆምኩት። ጥግ ቤዝን የበለጠ ያሳብጠዋል።

ስለዚህ ሸጥኩት። ሁለት ትናንሽ ሳጥን ላሠራ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ቴፕና ቴሌቪዥን ወደሚጠግን ልጅ ሱቅ ነው። ከአሮጌ ቴፕ የወጡ፣ ባለ ወረቀት 5 ኢንች ስፒከሮች አሉት። ይህን ልጅ በጣም ወደድኩት። «እህቴ፣ ሳትሞክሪ አትውሰጂ» ብሎ እሱ ራሱ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ አወጣ። የመጀመሪያውን ሲያስነካው ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ አለ። ሁለተኛውን ሲያስነካው ወደ ውስጥ ገባ። የአንዱ ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ ተጽፎ ነበር። እንዲያ ሆነው ቢገጠሙ አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ቤዙን ያጠፉታል። ልጁ ትክክለኛውን ጫፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረገልኝ። በመልቲሜትር ስለካቸው 6.4 ኦም አነበቡ፤ 8 ኦም የሚባል ስፒከር በመልቲሜትር ሲለካ ዝቅ ብሎ ማንበቡ ደንብ ነው። ከእነሱ ጋር ሁለት ትናንሽ ቱዊተር (ቀጭኑን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) እና ፕላስ ማይነስ የሌላቸው ሁለት 4.7 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ሰጠኝ። ካፓሲተሩ ከ8 ኦም ቱዊተር ጋር በተከታታይ ሲገባ ከ4200 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ አሳልፎ ወፍራሙን ያስቀራል። አባባ የሚያጡት ነገር በአብዛኛው የሚያልፈው በዚህች ትንሽ ዕቃ በኩል ነው።

አምፕሊፋየሩ የእጅ መዳፍ የምታህል ካርድ ናት፤ ቲፒኤ 3116 የሚባለው ቺፕ ያለባት። የተበላሸ ላፕቶፕ 19 ቮልት ቻርጀር ቤት ነበረኝ፣ እሱን ሰካሁባት። በዚህ ቮልት ለ8 ኦም ስፒከር በአንድ ወገን 20 ዋት ገደማ ትሰጣለች። ለንግግር አንድ ዋት እንኳ በቂ ነው።

ቀጥሎ አናጢው። ስማቸውን አላስፈቀድኩምና ጋሼ ብቻ ልበላቸው። አልጋ፣ ቡፌና በር ነው የሚሠሩት፤ ስፒከር ሠርተው አያውቁም። ንድፉን ይዤ ሄድኩ። ዝግ ሳጥን ነው የመረጥኩት። ቱቦ ያለው ሳጥን ቤዙን ዝቅ ያደርጋል፣ ግን ቱቦው ከስፒከሩ ባሕርይ ጋር በልኩ መገጠም አለበት። ኔቪል ቲል በ1961 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ያወጣው፣ ሪቻርድ ስሞል በ1970ዎቹ ያሰፋው ስሌት አለ፤ ስሌቱ ግን የስፒከሩን መረጃ ይጠይቃል። ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ስፒከር ወረቀት የለውም። ዝግ ሳጥን ስህተትን ይችላል።

የምችለውን ያህል ግን ለካሁ። ስፒከሩን በ100 ኦም ሬዚስተር በኩል ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁ። ከስልኬ አንድ ወጥ ድምፅ ላክሁ፣ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያልኩ። ስፒከሩ ጫፍ ላይ ያለው ቮልት በጣም ከፍ የሚልበት ቦታ የራሱ ንዝረት፣ ማለትም በተፈጥሮው በቀላሉ የሚርገበገብበት ቁጥር ነው። 70 ኸርዝ ላይ ከፍ አለ። ከመምህሩ ጋር ተመካከርንና ስድስት ሊትር ሳጥን ይበቃል አልን። ወረቀት ላይ «15 በ25 በ16፣ ውፍረት 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኤምዲኤፍ ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ ነው። 15 በ25 በ16 ሴንቲ ሲባዛ ልክ ስድስት ሊትር ነው።

ጋሼ በአንድ ሳምንት አደርሳለሁ አሉ። 24 ቀን ፈጀ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም አይሠሩም፤ ይህን አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። ግን ቀኑን ሲነግሩኝ ቢያስቡበት ጥሩ ነበር።

ሳጥኖቹ ሲመጡ ያማሩ ነበሩ። ማዕዘናቸው የተገጠመበትን መስመር በጥፍሬ ስዳስሰው አይያዝም። ስፒከሩን ገጠምኩና ዜና ከፈትኩ። አንባቢው ጋን ውስጥ ሆኖ የሚያወራ መሰለኝ። ለካሁ፤ ንዝረቱ 121 ኸርዝ ሆኗል። በጣም ከፍ አለብኝ። ሜትር አምጥቼ ሳጥኑን ስለካ 15 በ25 በ16 የውጩ ልክ ነው! የጣውላው ውፍረት ከሁሉም ጎን ሲቀነስ ውስጡ 11.4 በ21.4 በ12.4 ይሆናል። ሦስት ሊትር። ግማሽ።

ተናድጄ ነበር የሄድኩት። ጋሼ ወረቀቴን ከመሳቢያ አወጡና መነጽራቸውን አድርገው አዩት። «ልጄ፣ ቁም ሳጥን ሲሠራ የሚለካው የውጩ ነው። ጥግ መግባት አለበታ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ወረቀቱ ላይ የውስጥ ነው የሚል ቃል የለም። እሳቸውም አልጠየቁም፣ እኔም አልነገርኩም። ለሁለተኛው ሥራ የእንጨቱን ብቻ አስከፈሉኝ፣ የእጅ ዋጋ አልተቀበሉም። ለሁለቱ ሳጥን መጀመሪያ የከፈልኩት የእጅ ዋጋ 2,400 ብር ነው። ለዚህ ጥራት ቅር አይለኝም።

በሁለተኛው ዙር ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጬ ዋልኩ። የስፒከሩን ክብ ቀዳዳ በጠባብ መጋዝ ቆርጠው ጠርዙን በሞረድ ሲያለሰልሱት፣ ስፒከሩን እያስገቡ እያወጡ ስንት ጊዜ እንደሞከሩት ብታዩ። ኤምዲኤፍ የተቆረጠበት ጠርዝ ውሃ ከነካው ያብጣል። ለሐይቅ ዳር ቤት፣ ለዚያውም ለክረምት፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እሳቸው ኮላ በውሃ አቅጥነው ጠርዙን ቀቡት፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ደግመው ቀቡት። ያንን እኔ አላዘዝኳቸውም።

ቤት ስደርስ ሳጥኑ አየር እንዳያሾልክ መፈተሽ ነበረብኝ። ጧፍ አበራሁ። ከስልኬ ወፍራም ድምፅ ከፍቼ ጧፉን በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ሦስቱ ጎን ሰላም ነው፣ ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይነድዳል። ከጀርባ፣ ሽቦው የሚገባባት ቀዳዳ ጋ ስደርስ ነበልባሉ እየተርገበገበ ወደ ውጭ ተገፋ። ሰጋቱራ በኮላ ለውሼ ደፈንኩት። በማግስቱ ጧፉን መልሼ አስጠጋሁ። ንቅንቅ አላለም።

ውስጡን በምን እሞላዋለሁ ብዬ ነበር። ገበያ ወርጄ ባዘቶ ገዛሁ፤ ለነጠላ የሚፈተለውን ያንኑ ጥጥ። በእጄ እያፍታታሁ ሳልጠቀጥቅ ሞላሁት። ክሩ ወረቀቱን እንዳይነካ ከስፒከሩ ጀርባ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ወጠርኩ። ጥጥ ሳጥኑን ትንሽ የሰፋ ያስመስለዋል፤ በአዲሱ ሳጥን ንዝረቱ 99 ኸርዝ የነበረው ወደ 94 ወረደ። ከቁጥሩ በላይ ግን ያ የጋን ድምፅ ጠፋ።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ደክሜበታለሁ። ሁለቱን ሳጥን 1.8 ሜትር አራርቄ፣ ቱዊተሩ በአባባ ጆሮ ልክ እንዲሆን መደርደሪያ ላይ አድርጌ፣ ፊታቸውን ወደ ሶፋው አዞርኩ። ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ነው፣ ፊት ለፊቱ ላለ ሰው ነው የሚደርሰው። የሲሚንቶው ወለል ያስተጋባ ስለነበር ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ።

የመጀመሪያው ማታ ለአባባ ምንም አልነገርኳቸውም። ዜናው ተጀመረ። እንደ ወትሮው ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ሊጠጉ ሲሉ ቆም አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ድምፁ ከወትሮው ያነሰ ነው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እንኳ በደንብ አይሰማኝም። ጥቂት ቆይተው «ይሄ ልጅ ዛሬ ቀስ ብሎ ያነባል» አሉ። አንባቢው ያው የትናንቱ ነው። የሚያነብበትም ፍጥነት ያው ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ጥልቅ ቤዝ የለውም። የሠርግ ከበሮ ደረት ላይ እንዲመታችሁ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ ሳጥን አይሆናችሁም። በጾም በገና ስከፍት የወፍራሙ አውታር ሥሩ ይቀንስብኛል፤ አውታሩ ቆዳውን ሲነካ የሚያሰማው ንዝንዝታ ግን እጅ እስኪነካኝ ድረስ ቅርብ ነው። ማሲንቆና ዋሽንት ላይ እንከን አላገኘሁበትም። ቱዊተሩ ለአባባ ጆሮ የተመቻቸ ስለሆነ እኔ መሃል ላይ ስቀመጥ ድምፁ ጆሮዬን ይወጋኝና ጎን ላይ ነው የምቀመጠው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም። ያኔ ዜናው ይቅርና ቡና እናፈላለን።

መብራት ሲሄድ ካርዷን በ12 ቮልት ባትሪ አስነሳታለሁ። ወደ 9 ዋት ትወርዳለች፣ በሬዲዮ ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ባለፈው ሳምንት ሰፈሩ ጨልሞ አባባ ቅዳሴ አዳመጡበት።

ጠቅላላ ወጪው፣ ተደግሞ የተገዛውን እንጨት ጨምሮ፣ ከዚያ ከሚያብለጨልጨው ስፒከር ግማሽ አልሞላም። ለጠጋኙ ልጅ ከአሥር አሥር። ለጋሼ ስምንት፤ ሁለቱን የቀነስኩት ለቀኑ ነው፣ ለእጃቸው አይደለም።

ትናንት በሱቃቸው በኩል ሳልፍ ጠሩኝ። ለራሳቸው አንድ ጥንድ ጀምረዋል። የቆረጡት ኤምዲኤፍ ላይ በአናጢ እርሳስ ቁጥሮቹ ተጽፈዋል፤ ከቁጥሮቹ በላይ ደግሞ «የውስጥ» ይላል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት።