ጎግል ፕሌይ ወይስ አፕ ስቶር? ብቻውን ለሚሠራ አልሚ

ብቻችሁን የሠራችሁትን አፕ ልትሸጡ ነው። የትኛው መደብር ይቅደም፣ የአንድሮይዱ ጎግል ፕሌይ ወይስ የአይፎኑ አፕ ስቶር?

መመዝገቢያ፦ ጎግል ፕሌይ 25 ዶላር ነው፣ አንዴ ብቻ። አፕ ስቶር በየዓመቱ 99 ዶላር። ካላደሳችሁ አፑ ከመደብሩ ይወርዳል። ገቢው በብር ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘትም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

መሣሪያ፦ ለአንድሮይድ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል። የአይፎን አፕ የሚሠራበት የአፕል ፕሮግራም፣ ኤክስኮድ፣ ግን ማክ (የአፕል ኮምፒውተር) ይፈልጋል።

ኮሚሽን (መደብሩ ከሽያጫችሁ የሚወስደው ድርሻ)፦ እዚህ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ሁለቱም በ2021 እ.ኤ.አ. ለአነስተኛ አልሚዎች ከ30 ወደ 15 በመቶ አውርደውታል።

ፍተሻ፦ አፕል በግምገማው ጥብቅ ነው። ጎግል ደግሞ ከኖቬምበር 2023 ወዲህ የግል አካውንት የከፈተ አዲስ አልሚ አፑን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት አፑን የሚሞክሩ 12 ሰዎችን ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲያቆይ ይጠይቃል። ለብቸኛ አልሚ ከገንዘቡ ይልቅ ይሄ የሚያደክም ይመስለኛል። ዘመድ ጓደኛውን ከወዲሁ ለምኑ፤ መሃል ላይ አፑን የሚያጠፋ ስለማይጠፋ ከ12 በላይ ሰው ያዙ።

ተጠቃሚዎቻችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ፣ ብዙው ሰው የያዘው አንድሮይድ ስለሆነ በጎግል ፕሌይ ጀምሩ። አሜሪካ ለሚያድጉ ልጆች ፊደል የሚያስተምር አፕ ከሆነ ግን፣ እዚያ አይፎን በብዛት ይያዛል። ማክ ካላችሁ 99 ዶላሩን ክፈሉ።